ማን ይቅደም?

ፎቅ ላይ ካለ ካፌ ቀጠሮ አልይዝም። "መምህር፣ ከላይ ሆነን ፒያሳን እያየን ማኪያቶ እንጠጣ" የሚለኝ ወዳጅ ሲመጣ ምድር ላይ ያለውን ባንኮኒ አሳየዋለሁ። የማላውቀው ቤት ስገባ ወለሉን በተረከዜ መታ መታ ሳላደርግ አልቀመጥም። ባለቤቴ "ሰው ምን ይላል?" እያለች ትቆጣኛለች። ሰው የፈለገውን ይበል። እናንተም የደረሰብኝን ሰምታችሁ ስትጨርሱ የመሰላችሁን በሉኝ።

ያን ጊዜ ፒያሳ ውስጥ አንድ የግል ኮሌጅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን አስተምር ነበር። ቤቴ አፍንጮ በር ስለሆነ ታክሲ ሳልጋፋ በእግሬ እወርዳለሁ። የማስተምረው ስትራቴጂክ ማኔጅመንት አካውንቲንግ ነው፤ ስሙን ሲሰሙ ገና ተማሪዎች ፊታቸው የሚጠቁርበት ኮርስ። ብዙ ሰው አካውንቲንግ ሲባል ያለፈውን መመዝገብ ብቻ ይመስለዋል። ይሄኛው ወደፊት ነው የሚያየው። ተፎካካሪህ ምን እያሰበ ነው? ደንበኛህ ከአንተ የሚፈልገው ምንድን ነው? አቅምህ ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር የትኛውን ታስቀድማለህ? እኔ ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ እወዳታለሁ። መልሷ ማነቆ የሚባለው ነገር ላይ ነው ያለው፤ ሥራው ሁሉ ተሰልፎ የሚያልፍባት አንዲት ጠባብ ቦታ። ተማሪዎቼ ከጀርባዬ "መምህር ማነቆ" ይሉኝ ነበር። ግማሹ ርዕሱን ስለምወደው ነው፤ ግማሹ በምሰጠው ውጤት የተነሳ ነው።

ኮሌጁ የተከራየው ከአሮጌዎቹ የፒያሳ ቤቶች አንዱን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ጣውላ። ምድር ቤቱን ልብስ ሰፊዎች ይዘውታል፣ ፎቁን እኛ። በስተጀርባችን ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆን የኖረው ቤት በዚያ ዓመት በጋ ፈርሶ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኛ ቤት ጀርባው ራቁቱን ቀረ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ያንን ጎኑን ይገርፈው ጀመር። ጣውላው ድሮም ስንሄድበት ሲጥ ሲጥ ይል ስለነበር አዲስ ድምፅ ቢጨምርም ማንም ልብ አላለውም።

ስለ ኮሌጆች ፈተና አንድ ልማድ ልንገራችሁ። አንድ ኮርስ የማታም የቅዳሜም ተማሪ ካለው ሁለቱ ለየብቻ አይፈተኑም። አለበለዚያ ዛሬ የተፈተነው ጥያቄውን ነገ ለሚፈተነው ይልክለታል። ስለዚህ ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይታጨቃል። ስልክ በር ላይ በፌስታል ይሰበሰባል፣ ዘበኛው ከውጭ ይቆልፋል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ማንም አይወጣም። ሁሉም ነገር የተዘጋጀው ጥያቄው አምልጦ እንዳይወጣ ነው። ሰው ማምለጥ ቢያስፈልገውስ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር፣ ሐምሌ ውስጥ። አዳራሹ ስገባ ሰናይት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰናይት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ እግሯ ስለማይታዘዝላት በክራንች ነው የምትሄደው። ደረጃው ጊዜ ይወስድባታልና ሁልጊዜ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች። ክራንቿ ሰው እንዳያደናቅፍ ደግሞ ከበሩ ርቃ፣ በመንገዱ በኩል ካለው መስኮት ጥግ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ከክፍሉ አንደኛ ናት፤ ምላሷም ከማንም አያንስም።

"እንዴት አደርሽ ሰናይት? ተዘጋጅተሻል?" አልኳት።

"እኔስ ተኝቼ ነው ያደርኩት መምህር። የእርስዎ ዓይን ነው የቀላው። ከባድ ጥያቄ ሲፈልጉ አደሩ?"

"አራተኛውን ትወጂዋለሽ።"

አራተኛው ጥያቄ እንዲህ ነበር። አንድ ምድጃ ብቻ ያለው ዳቦ ቤት አለ። የሰርግ ኬክም ዳቦም ኩኪስም ይጋግራል፤ ምድጃው ግን ለሁሉም አይበቃም። ኬኩ ለብቻው ሲታይ ትርፉ ከሁሉም ይበልጣል፤ ችግሩ ምድጃውን ብዙ ሰዓት ይይዘዋል። የቱ ይቅደም? መልሱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ትርፍ ምድጃውን በያዘበት ጊዜ ታካፍለዋለህ። ቶሎ ገብቶ ቶሎ የሚወጣው ይቀድማል፣ ምድጃውን የሚያንቀራፍፈው መጨረሻ ይሆናል። የቱንም ያህል ድንቅ ኬክ ቢሆን መጨረሻ ነው።

ተማሪዎቹ እየተራገፉ፣ ጃንጥላቸውን እያጠፉ ገቡ። ከታች ተጨማሪ ወንበር መጣ፤ ወንበሩ ወንበሩን እየነካ አዳራሹ ሞላ። ወረቀቱን አደልኩ። ዘበኛችን ጋሽ ባዩ የስልኩን ፌስታል ይዘው ወጡና ከውጭ ቆለፉ። እኔ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛዬ ጀርባ ቆምኩ።

መጀመሪያ ያየሁት እስክሪብቶ ነው።

ቢኒያም የሚባል፣ ውቤ በረሃ ተወልዶ ያደገ ቀልደኛ ተማሪ ነበረኝ። እስክሪብቶው ከእጁ ወደቀና መንከባለል ጀመረ። ሁለት ወንበር አለፈ፣ ሦስት ወንበር አለፈ፤ ይቆማል ስል አልቆመም። "መምህር፣ እስክሪብቶዬ ሊኮርጅ ሄደ" አለ ቢኒያም። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ከሌላ ረድፍ የአንዲት ልጅ ላጲስ ወደቀ፤ እሱም ወደዚያው ወደ አዳራሹ መሀል ሄደ። ያን ጊዜ ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደረቀ።

ቀና ብዬ አየሁ። መሀል ላይ ያሉት ወንበሮች ሚስጥር እንደሚያወሩ ሰዎች አንዱ ወደ አንዱ ዘመም ብለዋል። በስተጀርባ፣ ቤቱ በፈረሰበት በኩል፣ ወለሉና ግድግዳው ከሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ብርሃን ይገባል። ብርሃን መግባት የሌለበት ቦታ ነው። ወለሉን የተሸከሙት ወራጆች ጫፋቸው ከግድግዳው እየወጣ መሆኑን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አላስፈለገኝም። ከእግሬ ሥር "ጥጥጥጥ" የሚል ድምፅ መጣ።

ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የታሰበኝ ተማሪዎቼ አይደሉም። በሩ ነው። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ከዚያ አዳራሽ ሁሉ ከኔ በላይ ለበሩ የቀረበ ሰው አልነበረም፤ መላ ሰውነቴም ወደዚያው ዞሮ ነበር።

"ማንም እንዳይነሣ" አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። "ወንበር አትጎትቱ። እግራችሁን አታንቀሳቅሱ።"

አንዳንዱ ቀና አለ። አንዱ "አልኮረጅኩም እኮ መምህር!" አለኝ።

"ስለ ኩረጃ አይደለም። ወለሉ እየሰመጠ ነው። ጩኸት የለም፣ ሩጫ የለም። ሁላችን በአንዴ ከተነሣን ሁላችን በአንዴ እንሄዳለን።"

ሁለት ክፍል ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ከሥሩ ያለውን እንጨት ያዳምጣል። ጣውላው "ቀጭ" አለ። አንዲት ልጅ በሁለት እጇ አፏን አፈነች።

በሩን በጣቴ ጫፍ አንኳኳሁ። በኃይል መምታት ፈርቼ ነው።

"ጋሽ ባዩ። ይክፈቱልኝ።"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ መምህሩ።"

"ሰዓቱ አልደረሰም እኮ መምህር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለማንም እንዳይከፍቱ ያሉኝ ራስዎ ነዎት።"

"ጋሽ ባዩ፣ ወለሉ እየሰመጠ ነው።"

ከዚያ ሲስቁ ሰማኋቸው። "አይ የዘንድሮ ተማሪ! አምና አንዱ እናቴ ሞተች ብሎ አስከፍቶኝ፣ በሳምንቱ እናቱን ሰላም ብያቸዋለሁ። የመምህሩን ድምፅ ማስመሰልም ተጀመረ?"

"ጋሽ ባዩ!" አፌን በሩ ላይ ለጠፍኩ። "በማርያም ይዤዎታለሁ። የሰው ነፍስ ነው።"

ምናልባት የማርያም ስም፣ ምናልባትም ድምፄ ውስጥ የነበረው ለቅሶ ይሆናል፣ ቁልፉ ዞረ። ጋሽ ባዩ ጭንቅላታቸውን አስገቡና ያዩትን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ኧረ ጌታዬ!" ብቻ ነው ያሉት።

"ይውረዱና ልብስ ሰፊዎቹን በሙሉ ያስወጡልኝ። ለእሳት አደጋ ይደውሉ። ደረጃው ላይ አይሩጡ።"

እሳቸው ወረዱ። በሩ አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከታች የቀዝቃዛ ዝናብ ሽታ ይመጣል። እውነተኛው ፍርሃት የመጣው ያን ጊዜ ነው፤ በሩ ሲከፈት። ምክንያቱም አሁን ሰው ሁሉ በሩን አየው።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው የድንጋይ ግድግዳ ገና ወራጆቹን እንደያዘ ነው፤ እሱን ታክኮ አንድ ሰው በጎኑ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በሩ፣ ከበሩ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ሰው ሲወርድበት የሚወዛወዝ የእንጨት ደረጃ አለ። ሁለት ሰው በአንድ ላይ የሚያስኬድ ቦታ የትም አልነበረም።

"አንድ በአንድ ነው የምንወጣው" አልኩ። "ግድግዳውን ይዛችሁ።"

"እኔ ሦስት ልጆች አሉኝ መምህር!" አለ ከመሀል አንድ ጎልማሳ።

"እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ!" አለች ሌላዋ።

"እኔ እናቴ ካለእኔ ማንም የላትም።"

ከየአቅጣጫው መጣ። ማንም አልጮኸም። የባሰው ያ ነው፣ በሹክሹክታ ነበር የሚለምኑኝ። ሁሉም ለምን መኖር እንዳለበት ይነግረኛል፤ ሁሉም እውነቱን ነው። ዓይናቸው ሁሉ እኔ ላይ ነው። ጎረምሶቹ ወንበራቸውን ጨብጠው ግማሽ ተነሥተዋል፤ አንዱ ቢፈናጠር ሁሉም ይከተለዋል። እኔ ማንን ልጥራ?

"መምህር!"

ሰናይት ናት፣ ከመጨረሻው ጥግ።

"አራተኛው ጥያቄ ነው እኮ" አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሯ ግን ጥርት ያለ ነው። "ማነቆው በሩ ነው። በሩን ቶሎ የሚለቅ ይቅደም፣ የሚያንቀራፍፈው መጨረሻ ይሁን። ካልሆነ ብዙ ሰው ይቀራል። እኔ ብቻዬን የስድስት ሰው ጊዜ ነው የምወስደው። ስለዚህ መጨረሻ እኔ ነኝ።"

ክፍሉ ዞሮ አያት።

"ሰናይት..." አልኩ።

"ልክ ነኝ አይደል?"

የመልሱን ቁልፍ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ልክ መሆኗን ከዚያ አዳራሽ ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ሰው እንዲሸከማት ባዝዝ የሁለት ሰው ክብደት በአንድ ጣውላ ላይ ይወድቃል። ፊት ባስቀድማት ግድግዳው ሥር ያለውን ያን ጠባብ መንገድ ትይዘዋለች፤ ሁሉም ከኋላዋ ቆሞ ወለሉ ከሥሩ ይከዳዋል። ሌላ መልስ ፈለግኩ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ፈለግኩ። አላገኘሁም።

"ልክ ነሽ" አልኳት።

በሕይወቴ ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ እንደዚያ ያስፈራኝ የለም።

ከዚያ በኋላ ክርክር ቀረ። እሷ መጨረሻ ነኝ ካለች ማን ልቅደም ይላል? ቢኒያምን በሩ ላይ አቆምኩት። ለበሩ ቅርብ ያሉት ወጡ፣ ቀጥሎ ወለሉ ክፉኛ የዘመመበት የመሀሉ ረድፍ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ወደ መሀል ገባሁና እየተነሡ የሚመጡትን በእጄ እየያዝኩ ወደ በሩ አሳልፍ ጀመር። እጃቸው ሁሉ በላብ ቀዝቅዟል። ቢኒያም በሹክሹክታ ያስወርዳል፤ "ቀጥል ጀለሴ... አትሩጪ እህቴ... ደረጃው ተለቀቀ፣ ቀጣይ!" ነፍሰ ጡሯ በፍጥነት ወጣች። የሦስት ልጆች አባት አለፈ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አንድ መነጽር ያደረገ ልጅ ግን አልነሣ አለ። ይጽፋል።

"ተነሣ አንተ!"

"አንድ መስመር ብቻ ቀረኝ መምህር!"

"ሙሉ ማርክ ሰጥቼሃለሁ፣ ተነሣ!"

ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ወለሉ የወረደው። ሙሉ በሙሉ አልተደረመሰም፤ ከመሀሉ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አለና ቆመ። ድምፁ ትልቅ ዛፍ ሲሰበር ዓይነት ነበር። ከኮርኒሱ አፈር ዘነበብን። የቀሩት ጮኹ፤ ሁለት ወንበሮች እየተንሸራተቱ ወደ ጉድጓዱ ሄዱ። ባለመነጽሩ ልጅ ክንዴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጎትቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

የቀሩት ጥቂቶች ግድግዳውን ይዘው ወደ በሩ ሲያልፉ ዞሬ ሰናይትን አየኋት።

በዙሪያዋ የነበሩት ሁሉ ሄደዋል። ባዶ ወንበር መሀል፣ የመስኮቱን ደፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀምጣለች። ጣሪያው እሷ ጥግ ላይ ያፈሳል፤ ውሃው ትከሻዋ ላይ ጠብ ጠብ ይላል፣ አትጠርገውም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የወጡት ሁሉ ወደ በሩ እንጂ ወደ እሷ አላዩም፤ እኔም እስከዚያች ቅጽበት ድረስ አላየኋትም ነበር። ከኔ በስተቀኝ በሩ ነው፣ በስተግራ እሷ።

ወደ ግራ ሄድኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ጥፍሬን ድንጋዩ ውስጥ እየቀበርኩ ነው የሄድኩት። ደርሼ አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ሊሠሩ መጡ?" አለችኝ በቁጣ።

"ልቀመጥ።"

"ክብደት ነው እኮ የሚጨምሩት! ጥያቄውን ያወጡት ራስዎ አይደሉም እንዴ? ይሂዱ!"

"እግሬ አልታዘዝ አለኝ" አልኳት። እውነቴን ነበር።

ዓይኗን ጨፈነች። ቁጣዋ በአንዴ ለቀቃትና መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ወንበሯ አብሯት ይንቀጠቀጣል።

"በጣም ፈርቻለሁ መምህር።"

"እኔም።"

"ያውሩኝ። ዝም አይበሉ፣ የእንጨቱን ድምፅ እየሰማሁት ነው።"

አስቡት፤ ሰው ሞት ደጃፍ ላይ ሆኖ ምን ያወራል? እኔ ደግሞ ከኮርሴ ሌላ ጨዋታ አላውቅም። "ባለፈው ሳምንት ስለ ተፎካካሪ ትንተና ስንነጋገር..." ብዬ ጀመርኩ። ሰናይት እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ኧረ በእናትዎ ይሄንንስ ይተዉት!" አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ያዝኩት። ከዚያ ስለ ልጄ አወራኋት፤ ስለ ሠፈሬ ውሾች፣ ስለ ታክሲ ሰልፍ፣ አፌ ላይ የመጣልኝን ሁሉ ለፈለፍኩ። እሷ እጄን እየጨመቀች "እሺ... ከዚያስ?" ትለኛለች። በየመሀሉ ወለሉ "ቀጭ" ሲል ሁለታችንም ቃላችንን እናቆማለን። ሳይሰበር ሲቀር እንቀጥላለን።

"መምህር!" አለ ቢኒያም ከበሩ። "ሁሉም ወርዷል! እናንተ ብቻ ናችሁ!"

ሰናይት ክራንቿን አንሥታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። "ይሄ ክብደቴን ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ ነው የሚጥለው፣ የረጠበ ጣውላ ይበሳል" አለች። "ልጅ ሆኜ ክራንች ሳይገዛልኝ እንዴት እንደምሄድ ላሳይዎት?" ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ በሁለት እጇ እየገፋች፣ በመቀመጫዋ ወደ በሩ ትንሸራተት ጀመር። እኔም ክራንቿን ይዤ፣ ሱሪዬን በጣውላው እየጠረግኩ ተከተልኳት። ቆሜ ብሄድ ይሻል ነበር? አላውቅም። ከእሷ ከፍ ብዬ መቆም ፈራሁ።

እንደምታስቡት አዝጋሚ ነበር። ስንፈራው የነበረውን ያህል አዝጋሚ። በየመሀሉ እጇን ታሳርፋለች። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ከበስተጀርባ ግድግዳ በኩል ረጅም ማቃሰት የመሰለ ድምፅ መጣ።

"ይያዙ!" አለችኝ።

መሀሉ ሄደ። ወንበሮቹ፣ ጠረጴዛው፣ ወረቀቱ ሁሉ ተያይዞ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። ጫጫታው ጆሮዬን ደፈነው። አቧራው ተነሥቶ ብርሃኑን ዋጠው፤ አየሩ ሁሉ ጭቃና ብስባሽ እንጨት ሸተተ። ከእግሬ ጫፍ አጠገብ ወለል የለም። በጨለማው ውስጥ የሰናይትን ኮት ጨምድጄ ይዣለሁ፤ እሷ ከግድግዳው የወጣ የቆየ ብረት ይዛለች። ያለንበት ጣውላ ግን ድንጋዩን አልለቀቀም። አቧራው መሀል "አለሽ?" አልኩ። "አለሁ" አለች። እየሳለች "እርስዎስ?" አለችኝ። ኮቷን ጎተትኩት።

የቀረውን መንገድ እንዴት እንደጨረስነው አላስታውስም። የማስታውሰው ቢኒያም የበሩ መድረክ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እጁን ወደ አቧራው ዘርግቶ "ኑ፣ ኑ፣ ደርሳችኋል፣ አይዞን!" ሲል ነው። ቀልደኛው ልጅ እንዳለቀሰ ሕፃን ፊቱ በንፍጥ ተሞልቶ ነበር።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ እሳት አደጋ ገና አልደረሰም። ተማሪዎቹ ከመንገዱ ማዶ፣ ልብስ ሰፊዎቹም አብረዋቸው፣ ተቃቅፈው ቆመዋል። ጋሽ ባዩ ሁሉንም አስወጥተው ኖሮ ከታች የተጎዳ አንድም ሰው አልነበረም። ሰናይትን ሲያዩ ብዙዎቹ ወደ እሷ ሮጡ፤ ጥቂቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ባሉበት ቀሩ። የሦስት ልጆች አባት አልቀረባትም። ጃኬቱን አውልቆ በሌላ ሰው እጅ ላከላት። እኔ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። የሸሸሁት ፍርሃት ሁሉ ያን ጊዜ ደረሰብኝ። አንዱ መጥቶ "መምህር፣ ፈተናው ይደገማል ወይስ እስከ ጻፍነው ይያዝልናል?" ብሎ ጠየቀኝ። ባለመነጽሩ ልጅ ነው። እዚያው እንደተቀመጥኩ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም።

ኮርሱን ማስተማሬን አልተውኩም። ማነቆ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን አፌ ይደርቃል። ድሮ ሰሌዳው ላይ ቀመሩን ጽፌ፣ እጄን አራግፌ "ይኸው ነው" እል ነበር። አሁን ጠመኔዬን ይዤ ቆም እላለሁ። ቀመሩ ስህተት ቢሆንማ ባረፍኩ ነበር። ልክ ነው። በዚያ ቀን ያን ሁሉ ሰው ያወጣው እሱ ነው። የሚያስፈራኝም ይኸው ልክነቱ ነው። ልክ የሆነ ሰው ዞር ብሎ አያይም፤ እኔ "ልክ ነሽ" ካልኳት በኋላ ወለሉ እስኪወርድ ድረስ አንድም ጊዜ ወደ እሷ አላየሁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በመሥሪያ ቤታችሁም በቤታችሁም "መጨረሻ ይሁን" ያላችሁት ሰው ይኖራል። የሚታመም ዘመድ፣ ሥራ የሚዘገይበት ባልደረባ፣ ጊዜ የሚፈጅ ልጅ። ምክንያታችሁ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሁሉንም በአንዴ ማድረግ የሚችል ሰው የለም። የምለምናችሁ ስሌታችሁን እንድትቀይሩ አይደለም። ያ ሰው ተራውን ሲጠብቅ አጠገቡ ማን እንዳለ አንዴ ዞር ብላችሁ እንድታዩ ነው።

ፈተናው በሌላ ቦታ፣ ምድር ላይ ባለ አዳራሽ ተደገመ። ሁሉም አስረክበው ከወጡ በኋላ ሰናይት ወረቀቷን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

"መምህር፣ አስቤበታለሁ" አለችኝ። "እኔ መጨረሻ መሆኔ ልክ ነበር። እርስዎ መጥተው መቀመጥዎ ግን ትልቅ ስህተት ነው። ያ ጥግ የበሰበሰ ነበር። በእርስዎ ክብደት ሁለታችንም ልንሄድ እንችል ነበር። በምንም ስሌት አይደገፍም።"

"አውቃለሁ" አልኳት።

ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ክራንቿን አስተካክላ ወደ በሩ መሄድ ጀመረች። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች። ፊቷን ሳታዞር ነው የተናገረችው።

"እንዲህ ያለ ቀን አያምጣብን እንጂ፣ ከመጣ ግን መምህር... ያንኑ ስህተት ይድገሙልኝ።"